ከውጤቱ ወደ ኋላ፦ የሆስፒታል ላቦራቶሪን ለቁጥጥርና ለአክሬዲቴሽን የማዘጋጀት መመሪያ

የቁጥጥር ቡድን ሊመጣ ነው ሲባል በየላቦራቶሪው የሚሆነው ይመሳሰላል። ወለሉ ይታጠባል፣ የቆየው ጋዋን ይለወጣል፣ ከሌላ ሆስፒታል በተገለበጠው የአሠራር ሰነድ ላይ የባለቤቱ ስም እየተፋቀ የራስ ስም ይተካል። እኔም አድርጌዋለሁ። ቀድሞ በምሠራበት ቦታ ስሙን በ23 ገጾች ላይ ቀይሬ 24ኛውን ዘልዬው ኖሮ፣ ኦዲተሩ ሰነዱን ሲገልጥ ጣቱ ያረፈው እዚያው ላይ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ ገጹን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅትን ከፋይል መደርደሪያ አልጀምርም። ከሦስት ወር በፊት ለአንድ ታካሚ የተሰጠ አንድ ውጤት አነሳና፣ ያ ቁጥር ከየት መጣ እያልኩ ወደ ኋላ እከተለዋለሁ። ኦዲተሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ የዝግጅት ሥራችሁ ነው፤ ያልተቆረጠበትን አትነካኩት።

የምጽፈው ጅማ ውስጥ ሆኜ ስለሆነ ምሳሌዎቼ የዚሁ ከተማ ናቸው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ዝናቡን ቀንሳችሁ ተጠቀሙበት።

በቅድሚያ፦ ማን ምን እንደሚጠይቅ ለዩ

ብዙ ጊዜ የሚባክነው የሦስት አካላትን ጥያቄ በአንድ ላይ ስለምናቦካ ነው። ፈቃድ ሰጪው የጤና ቁጥጥር አካል የሚያየው ዝቅተኛውን መስፈርት ነው፤ ክፍሉ፣ ባለሙያው፣ መሣሪያው፣ የሙያ ፈቃዱ መታደሱ። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ ለውጭ ጥራት ምዘና፣ ማለትም ላቦራቶሪው በትክክል መሥራቱን ከውጭ ለመፈተን፣ ናሙና ይልካል፣ ላቦራቶሪዎችንም ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻሉ ይደግፋል። ሦስተኛው አክሬዲቴሽን፣ ማለትም የብቃት ዕውቅና፣ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው፤ የሚመዝነውም በዓለም አቀፉ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ፣ በአይኤስኦ 15189 መሠረት ነው።

በመካከል ያለው የኮከብ ደረጃ አሰጣጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ኪጋሊ ላይ ይፋ ከሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ መርሐ ግብር ነው። በማረጋገጫ ዝርዝሩ ከ55 በመቶ በታች ያገኘ ኮከብ የለውም። ከ55 በመቶ ጀምሮ በየ10 በመቶው አንድ እየተጨመረ 95 በመቶ ላይ አምስት ይሞላል። አምስት ኮከብ ግን አክሬዲቴሽን አይደለም። አክሬዲቴሽንም ቢሆን የሚሰጠው ለሆስፒታሉ ሳይሆን በስም ለተዘረዘሩ ምርመራዎች ነው። «ላቦራቶሪያችን አክሬዲትድ ነው» ከማለታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት።

የአይኤስኦ 15189 አራተኛ እትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 ወጥቷል። ለእኛ ትልቁ ለውጥ፣ በየዋርዱ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም የሚሠራው የስኳር ምርመራና መሰሎቹ በዚሁ ሰነድ ውስጥ መግባታቸው ነው። ቀድሞ ለእነሱ ሌላ ደረጃ ነበር። እጃችሁ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. የ2012 እትም ከሆነ ወደ ጎን አድርጉት። ሪኤጀንቶችን (ምርመራው የሚሠራባቸውን ኬሚካሎች) እና መሣሪያዎችን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ከግል አቅራቢ ስትገዙ የምዝገባ ማስረጃውን ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።

1. ወረቀቱን ምረጡ

ከሦስት ወር ገደማ በፊት የወጣ፣ ከተለመደው ክልል ውጭ የሆነ፣ በሌሊት ተራ ወይም በበዓል የተሠራ አንድ ውጤት አውጡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ባለበት የተሠራ ጤናማ ውጤት ምንም አያስተምራችሁም። እኔ ፖታሲየም እመርጣለሁ፤ ፖታሲየም ምስጢር አይጠብቅም፤ ናሙናው ላይ የደረሰውን በደል ሁሉ ያወራል።

ሥራውን ያንን ምርመራ የማይሠራ ሰው ይምራው፤ የኬሚስትሪውን ወረቀት የማይክሮባዮሎጂው ባልደረባ ቢከተለው ይመረጣል። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ የጠየቅሁት፣ ያገኘሁት መዝገብ፣ የጎደለው። «ጠይቄ ነግረውኛል» የሚል ነገር በሁለተኛው ዓምድ አይገባም። ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከወሰደ መዝገቦቻችሁ አይገኙም ማለት ነውና እሱንም ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጻፉት።

2. ታካሚው ያው ሰው ነው?

የመጠየቂያ ቅጹን አውጡና ከመቀበያ መዝገቡ፣ ከማሽኑ እና ከውጤት ወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ያዘዘው ሐኪም በአራቱም ላይ አንድ መሆን አለባቸው።

እዚህ ጅማ ላይ ስም ብቻውን ዋጋ የለውም የምለው በምክንያት ነው። ጫልቱ የምትባል ታካሚ ካርዷ ላይ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ትጀምራለች፤ ማሽኑ ውስጥ እንደ እንግሊዝኛ ድምፅ የጻፋት ባልደረባ «ሲ» እና «ኤች» አድርጓታል፤ የመቀበያ መዝገቡ ላይ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ናት። አንዲት ሴት ሦስት ሰው ሆነች ማለት ነው። በሌላ በኩል በአንድ የገበያ ቀን ከሰቃ፣ ከማናና ከቀርሳ የመጡ ሦስት መሐመድ አሕመዶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መፍትሔው የካርድ ቁጥርን ዋና መለያ ማድረግና ስም በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ በአሠራር ሰነዱ ላይ መወሰን ነው።

ደም የሚቀዳው ሰው ደግሞ «ጫልቱ ነሽ?» ብሎ አይጠይቅ፤ የደከመ ታካሚ ለማንኛውም ስም አዎ ይላል። «ስምዎ ማን ነው?» ወይም «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ብሎ መልሱን ከቅጹ ጋር ያመሳክር። ቲዩቡ ላይ የሚጻፈውም ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው ታካሚው ፊት ነው። ቀድሞ የተጻፈበት ባዶ ቲዩብ ካያችሁ ሦስተኛው ዓምድ ላይ አስፍሩት።

3. ሰዓቱና ቀኑ

ይህን ክፍል ከሌላው ረዘም አደርገዋለሁ፤ የውጭ ማሠልጠኛ ሰነዶች አያውቁትምና።

ነርሷ ቅጹ ላይ «8፡20» ትጽፋለች፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ማለቷ ነው። ማሽኑ ውጤቱን 02፡55 ላይ አተመ ይላል። የእኛን አቆጣጠር ለማያውቅ አንባቢ ደሙ የተቀዳው ውጤቱ ከወጣ ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው! ቀኑም ይጋጫል። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሲሆን ተረኛዋ ግን እስኪነጋ ድረስ ያደረችበትን ቀን ትጽፋለች። የፖታሲየም ናሙና ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለው ጥያቄ በዚህ መሐል ይጠፋል።

የማሽኑን ሰዓት አትቀይሩ። የላቦራቶሪው ውስጣዊ መዝገቦች ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁኑ። ከዋርድ በሚመጣው ቅጽ ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ አራት ሳጥኖች አሳትሙና ነርሷ በለመደችው ሰዓት ትጻፍ፤ መቀበያው ላይ ያለው ባለሙያ ይመልሰው። የግድግዳውንና የማሽኖቹን ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን አስተያዩና ልዩነቱን መዝግቡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ ኋላ የሚቀር ማሽን አለ።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህም የባሰ አደጋ አለው። ሪኤጀንቱ ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ዓመት የጎርጎርዮሳውያን ነው። የደከመው ተረኛ 2025 የሚል ሣጥን አንስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን 2018 ካየ፣ ሪኤጀንቱ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል። ሣጥኑ ሲገባ በወፍራም ቀይ ማርከር በሁለቱም አቆጣጠር ማብቂያውን ጻፉበት። ሲከፈት የተከፈተበትን ቀን እና ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበትን ጊዜ ጨምሩ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያበቃው ነው የሚሠራው። ቢን ካርዱ (የዕቃ መከታተያ ካርዱ) ላይም ሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተመረተበት ምድብ ቁጥር፣ ይኑር። ያለ ሎት ቁጥር የትኛው ታካሚ በየትኛው ሪኤጀንት እንደተሠራ ማወቅ አይቻልም፤ ከአቅራቢው «ይህ ሎት ይመለስ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ በእውር ድንብር ትሄዳላችሁ።

4. ናሙናው በምን ሁኔታ ደረሰ?

የመቀበያ መዝገቡ የደረሰበትን ሰዓት ብቻ ከያዘ ግማሽ ነው። የናሙናው ሁኔታ፣ የተቀበለው ሰው ፊርማ፣ ካልተቀበለው ምክንያቱና ለማን እንደተነገረ መኖር አለበት። ያልተቀበላችሁት ናሙና መዝገብ ባዶ ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሁሉን ትቀበላላችሁ ማለት ነው።

አንድ ማለዳ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፖታሲየም 7.2፣ ካልሲየም ደግሞ ከክልሉ በጣም በታች። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ልብ ሊያቆም የሚችል ነው። ዋርድ ወጥቼ ሳይ ታካሚው ትራሱን ደገፍ ብሎ ሻይ ይጠጣል። «ሲስተር፣ ቀዩን ቲዩብ እንዴት ሞሉት?» አልኳት። «ጎሎ ነበር፣ ከሐምራዊው ጨመርኩበት» አለች፤ በቅንነት። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ነው፤ ካልሲየምን ደግሞ ያስራል። ሁለቱ ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ የሮጡት ለዚህ ነው። ያን ዕለት የተማርኩት፣ የቲዩብ ቅደም ተከተል ሰነዳችን በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ እንጂ ደም በሚቀዳበት ክፍል እንደሌለ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ ማለትም የደም ካልቸር፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ግራጫ፣ በቀለም ታትሞ በየዋርዱ የመቅጃ ትሪ ላይ ይለጠፍ። ናሙና የሚያመላልሰው ሠራተኛ መመሪያ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ ለሚያነብ ሰው የእንግሊዝኛ ሰነድ አስፈርሞ «ሠልጥኗል» ማለት ቀልድ ነው። ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ደም ፖታሲየሙ በውሸት እንደሚጨምርም ለሌሊት ተረኞች ደጋግማችሁ ንገሩ። ብዙዎች ቅዝቃዜ ሁሉን ያድናል ብለው ያምናሉ።

5. ማሽኑ ያን ቀን እንዴት ነበር?

የዕለቱን ኮንትሮል፣ ማለትም ማሽኑ የሚፈተሽበትን ውጤቱ የሚታወቅ ናሙና መዝገብ፣ አውጡ። ታካሚው ከመሠራቱ በፊት ነው የተሠራው? የሁለቱም የኮንትሮል ደረጃዎች ነጥብ የየዕለቱ ውጤት በሚነጠብበት በሌቪ ጄኒንግስ ሰንጠረዥ ላይ ተቀምጧል? ሰንጠረዡ የተሠራው በራሳችሁ ቢያንስ 20 ነጥቦች አማካይ ነው ወይስ ከአምራቹ ወረቀት ላይ በተገለበጠ ክልል? የአምራቹ ክልል ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ነገር ያልፋል፤ ለዚህም ይወደዳል።

አንድ ነጥብ ከሦስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ከአማካዩ የመራቅ መለኪያ) ካለፈ፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን ከሁለት ካለፉ የታካሚ ውጤት አይወጣም። አሥር ነጥብ በአማካዩ አንድ ወገን ከተሰለፈ ማሽኑ እየተንሸራተተ ነው። በየላቦራቶሪው ያየሁት ትልቁ ኃጢአት ግን ኮንትሮሉን እስኪስማማ ድረስ መደጋገምና የመጨረሻውን ብቻ መመዝገብ ነው። ማሽኑ ሁሉንም ያስታውሳል። ኦዲተሩ የማሽኑን ማኅደር ሲከፍት አራት ጊዜ ወድቆ በአምስተኛው ያለፈው ኮንትሮል እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ማሽኑ ከጠፋ ኮንትሮሉ እንደገና ይሠራል። ይህን በአሠራር ሰነዱ ላይ ጻፉት፤ ማጣሪያችሁ ደግሞ የመብራት መጥፊያ መዝገብ ነው። የካሊብሬሽንና የጥገና መዝገቡንም አያይዙ። ማሽኑ ሲበላሽ መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ናሙናው የት ይሄዳል? በቃል «እዚያኛው ሆስፒታል እንልካለን» አይበቃም፤ የተፈረመ ስምምነትና የመላኪያ መዝገብ ያስፈልጋል።

የጅማ ዝናብም ድርሻ አለው። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ብልቃጡ ተከፍቶ ከቆየ እርጥበቱ ያበላሸዋል፤ የማይክሮስኮፕ ሌንስም ሻጋታ ያወጣል። ማይክሮስኮፑን ከሥራ በኋላ ሸፍናችሁ ውኃ መጣጭ ሲሊካ ጄል ባለበት ደረቅ ሣጥን ውስጥ አኑሩት።

6. ፍሪጁ

ሪኤጀንቱ የኖረበትን ፍሪጅ የሙቀት ቅጽ አውጡ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከፊርማ ጋር። ወሩን ሙሉ 4፣ 4፣ 4 የሚል፣ በአንድ ብዕርና በአንድ እጅ የተሞላ ቅጽ ማንንም አያታልልም። ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ቁጥሮቹም አንድ ላይ የተኙ ናቸው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የተሞላ ቅጽ ይታወቃል። ከዚህ ይልቅ «ቅዳሜ ማታ አልተለካም» የሚል ባዶ ረድፍ ይሻላል። ከክልል ወጥቶ 10 ዲግሪ የተመዘገበበት ቀን ካለ፣ አጠገቡ ምን እንደተደረገ መጻፍ አለበት።

ቅጾቹ በ30 ረድፍ ስለሚታተሙ ጳጉሜን የሚያስታውስ የለም። ፍሪጁ ግን በጳጉሜም ይሞቃል። 13ኛ ቅጽ አሳትሙ።

7. የሠራው እጅ

በውጤቱ ላይ የፈረመው ባለሙያ ማኅደር ውስጥ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ መዘርዝር፣ በዚያ ማሽን ላይ የሠለጠነበት ማስረጃ፣ የብቃት ምዘና እና ማሽኑን ብቻውን እንዲሠራ የተፈቀደለት ደብዳቤ ይፈለጋል። ብቃት በፈተና ወረቀት ብቻ አይመዘንም፤ ሲሠራ ቆሞ ማየትና ውጤቱ የሚታወቅ ናሙና በስውር መስጠት ይጨምራል። ጅማ የተማሪ ከተማ ናት። በልምምድ ላይ ያለ ተማሪ ሠርቶት ከሆነ ያጸደቀው ባለሙያ ፊርማ መታየት አለበት።

8. ውጤቱ እንዴት ወጣ?

የውጤት ወረቀቱ ላይ ያለው የማመሳከሪያ ክልል ከየት መጣ? ከኪቱ ወረቀት ከሆነ በእናንተ ሕዝብ ላይ አረጋግጡት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሄሞግሎቢን ከፍታ ሲጨምር ይጨምራል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 20 ጤነኛ የአካባቢው ሰዎች ትመረምራላችሁ፤ ከክልሉ የወጡት ከሁለት ካልበለጡ ክልሉን ትጠቀሙበታላችሁ። ካለፉ ሌላ 20 ትጨምራላችሁ። ወንድና ሴት ለየብቻ።

ፖታሲየሙ አስጊ ከሆነ ማን ደወለ፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ የሰማው ሰው ቁጥሩን መልሶ አንብቧል? አምስት ዓምድ ያለው አንድ ደብተር ስልኩ አጠገብ በገመድ ታስሮ ይቀመጥ። በስልክ ለጓደኛ ሐኪም የተነገረና ያልተመዘገበ ውጤት እንዳልተነገረ ይቆጠራል። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቀን ይጻፍበታል። ነጭ ማጥፊያውን ከላቦራቶሪው አውጡት።

9. የውጭ ምዘናና ደኅንነት

ምርመራው በውጭ ጥራት ምዘና ውስጥ ካለ የመጨረሻውን ውጤት አያይዙ። የምዘናው ናሙና እንደ ታካሚ ናሙና በተራው ባለሙያ እጅ ይሠራ፤ ለጎበዙ ተሰጥቶ ወይም ከጎረቤት ላቦራቶሪ ጋር ተመሳክሮ የተላከ 100 በመቶ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። ለምርመራው የተዘጋጀ ምዘና ከሌለ ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ናሙና ተለዋወጡና መዝግቡ።

ደኅንነትን በአጭሩ፦ የስለት ሣጥን ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበርዞ 0.5 በመቶ ይሆናል፣ በየቀኑም ይታደሳል። መርፌ የወጋው ባለሙያ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት በሌሊት ከማን እንደሚያገኝ በር ላይ ይለጠፍ።

10. ሦስተኛውን ዓምድ ሥሩበት

የጎደለውን ሁሉ በግድፈት ቅጽ ላይ አስፍሩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትደባልቁ፦ የተበላሸውን ናሙና ደግሞ ማስቀዳት እርማት ነው፤ ለምን እንደተበላሸ ፈልጎ እንዳይደገም ማድረግ የእርምት እርምጃ ነው። ከድንገተኛ ክፍል ሄሞላይዝ ያደረገ (ቀይ ሕዋሳቱ የፈነዱ) ደም ቢበዛባችሁ «ነርሶቹ ይሠልጥኑ» ብላችሁ አትዝጉት። ሄዳችሁ እዩ። በሲሪንጅ ቀድተው መርፌውን ሳይነቅሉ ክዳኑን ወግተው በኃይል እየገፉ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ትክክለኛው የመቅጃ መርፌ ከመጋዘን ስላልወጣ ሊሆን ይችላል። ያኔ የእርምት እርምጃው የመጋዘን ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ግድፈት አንድ ስም፣ አንድ ቀን፣ ከወር በኋላ የሚያጣራ ሌላ ሰው መድቡ። «ኮሚቴው» ስም አይደለም።

በሁለተኛው ወር ሌላ ወረቀት አንሡ፤ አሁን ግን እናንተ አትምረጡት። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዓይኗን ጨፍና ታውጣው። እኛ ጋ ባለፈው ያወጣችው የአረፋ ዕለት ወረቀት ነበር። ኮንትሮሉ ተሠርቷል፣ የፍሪጁ ሙቀት ተለክቷል፣ ሎት ቁጥሩም አለ። የደወለው ሰው ስም ግን የለም፤ ደብተሩ ላይ «ለዶክተር ተነግሯል» ብቻ ይላል።